ዱካ ማንበብና መጽሐፍ ማንበብ

(በተጂ ለአዲስ አንባብያን የተደረገ ንግግር)



 

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አንናገርም። ስለ ከብት ክትባትም አንናገርም። ለዚያ ባለሙያዎች አሏችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌባ፣ ስለ ነፍሰ ገዳይና ስለ ሰላይ ነው። እነሱን ተከታትሎ ስለሚይዘው መርማሪም እንነጋገራለን። ባጭሩ ጉዳያችን ወንጀልንና ምርመራን የሚተርኩ ልብ ወለድ መጻሕፍት ናቸው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው በሐሳቡ ፈጥሮ የጻፈው ታሪክ ማለት ነው።

እኛ ተማሪዎች ተመድበን ወደ እናንተ ከመጣን ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። «ፊደሉን ለየን፤ ማንበቢያውንም ጨረስን። ከእንግዲህ ምን እናንብብ?» ብላችሁናል። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በመላው አገሪቱ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጥረዋል። ከእናንተም መካከል እናቱ ወይም አባቱ ያን ጊዜ የተማሩለት ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ ንባቡ ጠፍቷቸዋል። ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። አንዱ ምክንያት ከማንበቢያው መጽሐፍ ቀጥሎ እጃቸው የሚገባ፣ ልብ የሚስብ ነገር ማጣታቸው ነው። ፊደል እንደ ማረሻ ነው። ካላረሱበት ይዝጋል።

እኛም ማታ ማታ በኩራዝም ሆነ በባትሪ መብራት የምናነባቸው መጻሕፍት አሉን። አንዱ የጀመረውን ሌላው እስኪጨርስለት እየጠበቀ፣ እየተቀባበልን ነው የምናነብ። እነማን እንደሆኑና ለምን እንደመረጥናቸው ዛሬ እንነግራችኋለን።

እናንተ ድሮም መርማሪዎች ናችሁ

«ምርመራ የፖሊስ ሥራ ነው፤ እኛ ገበሬዎች ምን እናውቃለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ካለ እስቲ አንድ ነገር እንጠይቀው።

ክረምት ገብቶ የበቾ ሜዳ መረሬ ሲጨቀይ በሬህ ከበረት ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ? አስቀድመህ ጎንበስ ብለህ መሬት ታያለህ። ኮቴው ወደ ተጂ ወንዝ ይወርዳል ወይስ ወደ አስፋልቱ ይወጣል? ከኮቴው ጋር የሰው እግር አለ? የሰው እግር ከኋላ ከሆነ በሬው ተነድቷል። ከፊት ከሆነ በገመድ ተስቧል። የሰው እግር ጭራሽ ከሌለ በሬው ራሱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። እበቱስ እርጥብ ነው ወይስ ላዩ ደርቋል? ዝናቡ ዱካውን አጥቦታል ወይስ ዱካው ከዝናቡ በኋላ የታተመ ነው?

ይህ ሁሉ ምርመራ ነው። ንባብም ነው። መሬቱ ገጹ ነው፤ ኮቴው ፊደሉ ነው። አንዱን ምልክት ከሌላው ጋር አያይዛችሁ በዓይናችሁ ያላያችሁትን ነገር ታውቃላችሁ። መጽሐፍ ሲነበብም የሚሆነው ይኸው ነው።

ልጅ ሆናችሁም እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ተለማምዳችሁታል። «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብላችሁ መልሳችኋል። በኦሮምኛም «ሂቦ» እየተባባላችሁ ተጫውታችኋል። የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ ረጅም እንቆቅልሽ ነው። ጥያቄው መጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀርባል። መልሱ መጨረሻው ገጽ ላይ ይገኛል። በመካከሉ ደራሲው ፍንጭ እየበተነ ይሄዳል። አንባቢው ደግሞ እንደ እረኛ ፍንጩን እየለቀመ ይከተለዋል።

ያልጮኸው ውሻ

እንዲህ ዓይነት ታሪክ መጻፍ የተጀመረው በሌላ አገር ነው። ኤድጋር አለን ፖ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1841 አንድ አጭር ታሪክ አወጣ። የዚህ ዓይነት ድርሰት መነሻ የሚባለው ያ ታሪክ ነው። ቀጥሎ አርተር ኮናን ዶይል የተባለ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረ ሐኪም በ1887 ሼርሎክ ሆምስ የሚባል መርማሪ ፈጠረ። ስለ ሆምስ 4 ረጃጅም ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች ጽፏል።

ከአጫጭሮቹ አንዱ ስለጠፋ ፈረስ ነው። እናንተ ፈረስ ታውቃላችሁና እሱን እንንገራችሁ። አንድ ታዋቂ የእሽቅድምድም ፈረስ በሌሊት ከጋጣው ይወሰዳል። የፈረሱ አሠልጣኝም ሜዳ ላይ ሞቶ ይገኛል። ፖሊስ አንድ እንግዳ ሰው በአካባቢው ሲዞር ስለታየ እሱን ይይዛል። ሰው ሁሉ «ሌባው ተገኘ» ይላል። ሆምስ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል። በጋጣው ውስጥ ውሻ ነበር። በዚያ ሌሊት ሰው ገብቶ ፈረሱን ይዞ ሲወጣ ውሻው ለምን አልጮኸም?

እስቲ አስቡት። ውሻ የማይጮኸው ለማን ነው? ለሚያውቀው ሰው ነው። እንግዲያስ የገባው ሰው ለውሻው እንግዳ አልነበረም ማለት ነው። ሁሉም የተፈጸመውን ነገር ሲያይ ሆምስ ያልተፈጸመውን ነገር አየ። ሰውየው ማን እንደነበረና አሠልጣኙ እንዴት እንደሞተ አንነግራችሁም። እሱን አንብባችሁ ድረሱበት።

ይህን ስንተርክ አንድ የሚገርም ነገር እንጨምር። ዶይል በሆምስ ስለሰለቸ በ1893 በድርሰቱ ውስጥ ገደለው። አንባብያን ግን ተቆጡ፤ የተቃውሞ ደብዳቤም ጻፉ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1903፣ ደራሲው ሆምስን ከሞት ተርፎ እንደነበረ አድርጎ መለሰው። አያችሁ፣ አንባቢ ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ብቻ አይደለም። አንባቢ ደራሲን ያዝዛል።

መጠርጠርና መፍረድ

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። እነዚህን መጻሕፍት የምንመርጥላችሁ ስለሚያዝናኑ ብቻ አይደለም።

በአገራችን ወንጀለኛን የመፈለጊያ ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። አንዱ ሌባ ሻይ ይባል ነበር። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣል። ከዚያ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል። የሚወድቅበት ቤት የሌባው ቤት ነው ይባላል። የቤቱ ባለቤት የጠፋውን ንብረት እንዲከፍል ይገደዳል። ዱካ አልታየም። ምስክር አልተሰማም። የደነዘዘ ልጅ ስለወደቀ ብቻ አንድ ቤተሰብ ይጠፋ ነበር።

ሌላው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ሲፈጸም ያገሩ ሰው በሙሉ ይሰበሰባል። ይማማላል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰዉ ሥራውን ትቶ ይውላል። ይህ ከሌባ ሻይ በብዙ ይሻላል፤ ሰው በሰው ፊት ይነጋገርበታልና። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የተባለው ደራሲያችን በዚሁ ጉዳይ በእንግሊዝኛ አንድ ልብ ወለድ ጽፏል። ስሙም «አፈርሳታ» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከእኛ መንገድ ዝቅ ብሎ በጉራጌ አገር ነው። የአንድ ገበሬ ጎጆ በሌሊት ይቃጠላል። መንደርተኛው ማን እንዳቃጠለው ለማወቅ ይሰበሰባል። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ እየተረጎሙ እንዲያነቡላችሁ ጠይቋቸው። ስለ ራሳችሁ ስብሰባ የተጻፈ ይመስላችኋል።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። እውነት ነው፤ መጠርጠር ያስፈልጋል። ነገር ግን መጠርጠርና መፍረድ ሁለት ነገር ናቸው። በገጠራችን ስንት ደም የፈሰሰው በጥርጣሬ ብቻ አይደለም? «በሬዬን የወሰደው እገሌ ነው፤ ድሮም ከአባቱ ጋር ተጣልተን ነበር» ይባላል። ወንድም ይነሣል፣ ዘመድ ይነሣል። በሬው ከሦስት ቀን በኋላ ከወንዙ ማዶ ሲግጥ ቢገኝ እንኳ የወደቀው ሰው አይነሣም። ከዚያ የሚቀረው ሽማግሌ መሰብሰብ፣ ጉማ መክፈልና ልጆችን በቂም ማሳደግ ነው።

የወንጀል ምርመራ መጽሐፍ አንባቢውን ከዚህ ይመልሰዋል። እንዴት ብትሉ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። አንባቢው በ20ኛው ገጽ ላይ «እሱ ነው!» ብሎ ይፈርዳል። በ60ኛው ገጽ ላይ «ለካ አይደለም» ይላል። በ100ኛው ገጽ ላይ ደግሞ ሌላውን ይይዛል። እስከ መጨረሻው ገጽ ካልደረሰ እውነቱን አያገኝም። ይህን አምስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ ያየ ሰው ጎረቤቱን ከመክሰሱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል። አባቶች «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት ይህንኑ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ ይላል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በማስረጃ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ከመንገዱ ጊዜ በቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ለከተማ ሰው ብቻ የተጻፈ አይደለም። ለእናንተም የተጻፈ ነው። አሁን ራሳችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ።

ወረቀት ሲዋሽ

አሁን በአማርኛ ወደሚገኙት መጻሕፍት እንምጣ።

መጀመሪያ የምናነሣው ማሞ ውድነህን ነው። ማሞ ውድነህ በዋግ ተወልዶ፣ በጋዜጠኝነት ሠርቶ፣ የስለላ መጻሕፍትን በአማርኛ እያቀረበ ብዙ አንባቢ ያፈራ ደራሲ ነው። ያረፈው በ2004 ዓ.ም. ነው። መጻሕፍቱን አባቶቻችን እየተዋዋሱ አንብበዋቸዋል። ዛሬም አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ቦታ አይጠፉም።

ከሥራዎቹ አንዱ «ሰላዩ ሬሳ» ነው። ነገሩ በእርግጥ የተፈጸመ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1935 ዓ.ም.፣ እንግሊዞች ሲሲሊ በምትባል የኢጣልያ ደሴት ላይ ሊዘምቱ አሰቡ። ጀርመኖች ይህን እንዳያውቁ ማታለል ነበረባቸው። ምን አደረጉ? የአንድ የሞተ ሰው አስከሬን ወሰዱ። የመኮንን ልብስ አለበሱት። የሐሰት ስም ሰጡት። «የምንዘምተው ወደ ሌላ ቦታ ነው» የሚል የሐሰት ደብዳቤ በቦርሳ ውስጥ አድርገው ከአስከሬኑ ጋር በሰንሰለት አያያዙት። ከዚያ በስፔን የባሕር ዳርቻ አጠገብ ባሕር ላይ ጣሉት። ሰውየው በእርግጥ የነበረ ሰው እንዲመስል በኪሱ የእጮኛ ደብዳቤ፣ የቴአትር ቤት ቲኬት ቁራጭና ስለ ዕዳው ከባንክ የተጻፈ ደብዳቤ ጨመሩበት። ጀርመኖች ወረቀቱ እጃቸው ሲገባ አነበቡት። አመኑት። ጦራቸውንም ወደተሳሳተው ቦታ አዞሩ።

ይህን ታሪክ ለአዲስ አንባቢ የምንመርጠው ለምንድን ነው? ወረቀት እንደሚዋሽ ስለሚያስተምር ነው። ትናንት ማንበብ ያልቻለ ሰው ወረቀት ሁሉ እውነት ይመስለዋል። ማኅተም ያለበትማ ሲሆን ይፈራዋል። በጣቱ ፈርም ሲባል ይፈርማል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ የተጻፈውን ያነባል። ቀጥሎ «ይህን ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ማን ይጠቀምበታል?» ብሎ ይጠይቃል። የብድር ውልም ሆነ የመሬት ኪራይ ውል ሲቀርብላችሁ ሰላዩን ሬሳ አስታውሱት።

ሌላው የማሞ ውድነህ ሥራ «የኛ ሰው በደማስቆ» ነው። ኤሊ ኮህን የተባለ የእስራኤል ሰላይ ነጋዴ መስሎ የሶርያ ሹማምንት መካከል ገብቶ እንደኖረ ይተርካል። በመጨረሻም ተይዞ በ1957 ዓ.ም. በደማስቆ አደባባይ በስቅላት ተቀጣ። ከባልንጀሮቻችን አንዷ ይህን መጽሐፍ በያዘች ሰሞን ራት እንኳ በሰዓቱ አልበላችም።

ምርመራ ብቻ የሚተረክበት የአማርኛ ልብ ወለድ ለሚፈልግ ደግሞ የይልማ ሀብተየስ ስም አለ። ይልማ በዚህ ዘርፍ በአማርኛ ከጻፉት ታዋቂዎች አንዱ ነው። መጽሐፍ ሻጩ ጋ ስትሄዱ ሽፋኑ ላይ ይህን ስም ፈልጉ። ስም ፈልጎ ማግኘት ራሱ የንባብ ልምምድ ነው።

በዓሉ ግርማ የጻፈው «ኦሮማይ»ም ስለላና ሴራ ያለበት ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ በ1974 ዓ.ም. በተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአሥመራ የሚፈጸም ነው። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በ1975 ዓ.ም. አሳተመው። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እንግዲህ መጽሐፉን ስታነቡ የመጽሐፉ ታሪክ ያልቃል። የደራሲው ጉዳይ ግን መልስ ያላገኘ ምርመራ ሆኖ ይቀራል። ይህ መጽሐፍ ቃሉ ጠንከር ስለሚል ለመጀመሪያ ንባብ አይሆንም። ለከርሞ አቆዩት።

ተከታታይ መጽሐፍ ለምን ይሻላል?

አንዳንድ ደራሲ አንድ መጽሐፍ ጽፎ አይተውም። ያንኑ ባለታሪክ ይዞ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ተከታታይ መጻሕፍት ይባላሉ። በአማርኛ ከቅርብ ዘመን ሥራዎች ሁለት ደራሲዎችን እንጥቀስ።

አንዱ ይስማዕከ ወርቁ ነው። በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ» የተባለ ልብ ወለድ አወጣ። ምስጢር፣ ስለላና የጣና ገዳማት የሚገናኙበት ታሪክ ነው። ቀጥሎ «ራማቶሓራ» መጣ። ወጣቶች የመጀመሪያውን ጨርሰው ተከታዩን ለማግኘት ይሻሙ ነበር።

ሌላው ዓለማየሁ ዋሴ ነው። «እመጓ»፣ «ዝጎራ»፣ «መርበብት» የተባሉት መጻሕፍት የእሱ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የሚፈለገው ነፍሰ ገዳይ ብቻ አይደለም። የጥንት ቅርስና የተሰወረ ምስጢር ነው። የሚሄዱበት አገርም የራሳችን ተራራና ገዳም ነው። እኛ አሁን በተራ እያነበብን ያለነው እነዚህን ነው። «ዝጎራ»ን ለማንበብ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አሉ።

ለአዲስ አንባቢ ተከታታይ መጽሐፍ የሚሻልበት ምክንያት አለ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሁልጊዜ ይከብዳል። የሰው ስም አዲስ ነው፤ የቦታ ስም አዲስ ነው፤ የደራሲው አነጋገር አዲስ ነው። ሁለተኛውን ስትይዙ ግን ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። እንደ ጎረቤት ናቸው። አንደኛውን በሁለት ወር የጨረሰ ሰው ሁለተኛውን በአንድ ወር ይጨርሳል።

ሁለተኛ፣ ቃላቱ ይደጋገማሉ። «ማስረጃ»፣ «ፍንጭ»፣ «ተጠርጣሪ»፣ «ምስክር» የሚሉትን ቃላት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሃያ ጊዜ ካያችሁ ሳትቆጥሩ፣ ሳትነጣጥሉ በዓይናችሁ ታፍሷቸዋላችሁ። ጆርጅ ሲምኖን የተባለ ቤልጅጋዊ ደራሲ ሜግሬ ስለሚባል የፖሊስ መርማሪ 75 ልብ ወለዶች ጽፏል። ማንም ሰው እንዲያነበው ብሎ ሆነ ብሎ ጥቂትና ቀላል ቃላት ይመርጥ ነበር። እናም በመላው ዓለም ተነበበ። ቀላል ቃል ማለት ተራ ሐሳብ ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ልብ ይሰቅላል። «ቀጥሎ ምን ሆነ?» የሚል ሰው መጽሐፍ አይጥልም። መጽሐፍ ያልጣለ ሰው ንባብ አይረሳም። የ1971ዱ ተማሪዎች ያጡት ይህንኑ ነበር።

ከውጭ አገር ተከታታዮችም አንዱን እንንገራችሁ፤ ለእናቶች በተለይ ደስ ይላልና። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ የተባለ ደራሲ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ የሚያወጣው ነው። ባለታሪኳ የቦትስዋና ሴት ናት። ማ ራሞትስዌ ትባላለች። አባቷ ሲሞት ከብቶች ያወርሷታል። ሌላው ሰው ሱቅ ትከፍታለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ከብቶቹን ሸጣ የምርመራ ቢሮ ትከፍታለች። ወንዱ ሁሉ «ሴት እንዴት መርማሪ ትሆናለች?» ይላል። እሷ ግን ሽጉጥ አትይዝም፤ አትሮጥም። ሻይ እየጠጣች ሰው ታዳምጣለች። ከቤት ወጥቶ የቀረ ባል፣ የጠፋ ልጅ፣ አጭበርባሪ ነጋዴ ትፈልጋለች። መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ከ20 በላይ ደርሰዋል። ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ልጆቻችሁ እያነበቡ ይተርኩላችሁ። ለእነሱም ትምህርት ነው፤ ለእናንተም ጨዋታ ነው።

እንዴት እናንብብ?

ብቻችሁን አትጀምሩ። አምስት ወይም ስድስት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ያዙ። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎቹ ያዳምጡ። በየሁለት ገጹ አንባቢው ይለወጥ። አባቶቻችን «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ልብ ወለድ ሲተረክ ተሰብስበው ይሰሙ ነበር። ልዩነቱ አሁን ድምፁ የራሳችሁ መሆኑ ነው።

በአንድ ማታ አራት ገጽ ይበቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» መቶ ሃያ ገጽ ያለው መጽሐፍ በአራት ገጽ ሂሳብ በ30 ማታ ያልቃል።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። የሰዎቹን ስም ጻፉበት። ከስሙ ጎን «የት ነበር? ምን አየ? ምን ደበቀ?» ብላችሁ መልሱን አስፍሩ። ማታ ከመለያየታችሁ በፊት እያንዳንዱ ማንን እንደሚጠረጥርና ለምን እንደሚጠረጥር ይናገር። «እንዲሁ ፊቱን ጠላሁት» ማለት መልስ አይደለም። ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ መግለጥ ክልክል ነው። እንቆቅልሹን ሳይሞክር «አገር ስጠኝ» የሚል ልጅ ጨዋታ ያበላሻል።

ሁሉም የወንጀል መጽሐፍ ጥሩ ነው አንልም። ደም ማፍሰስን ጀግንነት አድርጎ የሚያሳይ አለ። ገንዘብ ለመሰብሰብ በችኮላ የተጻፈም አለ። ሦስት ማታ አንብባችሁ ከሰለቻችሁ ተዉትና ሌላ ያዙ። መጽሐፍ ዕዳ አይደለም። ደግሞም ልብ ወለድ ልብ ወለድ መሆኑን አትርሱ። መርማሪ ሆናችሁ ጎረቤት እንድትሰልሉ አይደለም የምንመክራችሁ። ነገሩ ተቃራኒው ነው።

መጽሐፉ ከየት ይገኛል? ለገበያ ወይም ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አሮጌ መጻሕፍት በቅናሽ የሚሸጡ ወጣቶችን ያገኛል። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ስድስት ሰው ገንዘብ አዋጥቶ አንድ መጽሐፍ ቢገዛ ለአንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የተነበበው ለሚቀጥለው ቡድን ይተላለፍ። ሽፋኑን በጋዜጣ አልብሱት። ጭስ ካለበት ጣሪያ ሥር አታስቀምጡት።

ወገኖቻችን፣ እኛ ጊዜያችንን ስንጨርስ ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን። መጽሐፉና ደብተሩ ግን እዚሁ ይቀራል። ወደፊት አንድ ቀን በመንደራችሁ በሬ ይጠፋ፣ ክምር ይቃጠል ወይም የሐሰት ውል ይቀርብ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «እገሌ ነው!» ብሎ ሲነሣ ከመካከላችሁ አንዱ ብድግ ብሎ «ቆይ፤ ዱካውን አይተናል? ወረቀቱን አንብበናል? ውሻው ጮኾ ነበር?» ቢል የዛሬው ንግግራችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

እንወያይበት

1. የጠፋ ከብት ስትፈልጉ የምታዩአቸውን ምልክቶች ዘርዝራችሁ ጻፉ።
2. በጋጣው ውስጥ የነበረው ውሻ ያለመጮኹ ምን ያስረዳል?
3. ሌባ ሻይና አፈርሳታ በምን ይለያያሉ?
4. ጀርመኖች በአስከሬኑ ላይ የተገኘውን ደብዳቤ ያመኑት ለምንድን ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትጠይቁ ነበር?
5. መጠርጠርና መፍረድ እንዴት ይለያያሉ? ከአካባቢያችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ።
6. ስድስት ሆናችሁ የንባብ ቡድን አቋቁሙ። የምታነቡትን የመጀመሪያ መጽሐፍ ስምና የደራሲውን ስም ከዚህ በታች ጻፉ።